የገዥዋ ብዕር የት ድረስ ይደርሳል? የስፓንበርገር የምርጫ አቋሞች ሲብራሩ

በፌርፋክስ ካውንቲ መኪና ያለው ሰው በየዓመቱ ኦክቶበር መግቢያ ላይ የመኪና ታክስ ይከፍላል። በ2025 ዓ.ም. (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያ ክፍያ ወጥቶ ወር ሳይሞላው፣ ኖቬምበር 4፣ የቨርጂኒያ ሕዝብ አገረ ገዥ መረጠ። የሪፐብሊካን ዕጩዋ ዊንሰም ኧርል-ሲርስ የመኪና ታክስን አስቀራለሁ ሲሉ፣ የዴሞክራት ዕጩዋ አቢጌል ስፓንበርገር የመድኃኒት፣ የቤትና የመብራት ወጪን አቀላለሁ ብለው ተወዳደሩ። ስፓንበርገር በ15 ነጥብ ገደማ ልዩነት አሸንፈው ጃንዋሪ 17 ቀን 2026 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በግዛቲቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ገዥ ናቸው።

በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ ከሚኖረው ብዙ ኢትዮጵያዊ መካከል ስለ ምርጫው ሲወራ የሚሰማው ጥያቄ “ምን ቃል ገቡ?” የሚል ነው። አንድ ደረጃ ቀደም ብሎ መጠየቅ ያለበት ግን “ያ ቃል በማን ብዕር ይፈረማል?” የሚለው ነው። ዕጩ ስለ ሁሉም ነገር አቋም ይኖረዋል፤ ሥልጣን ያለው ግን በጥቂቱ ላይ ነው። እዚህ የምናየው ለምርጫ የቀረበውን አቋም ነው። ከዚያ በኋላ የወጣውን ሕግ አንድ በአንድ አንከታተልም።

አገረ ገዥ ብቻውን ምን ማድረግ ይችላል?

እድር ያለው ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የእድሩ ሊቀ መንበር ድንኳኑ መቼ ይውጣ፣ ማን ይትከለው የሚለውን ራሱ ያዛል። ወርኃዊ መዋጮው ከ20 ዶላር ወደ 30 ከፍ ይበል ካለ ግን ኮሚቴውን ማሳመን አለበት። መተዳደሪያ ደንቡ ይለወጥ ቢል ጉዳዩ ወደ ጠቅላላ ጉባኤ ይሄዳል፤ እዚያ የሱ ድምፅ እንደማንም አባል አንድ ነው። የመቃብር ቦታው ዋጋ ደግሞ ጭራሽ በእድሩ እጅ የለም።

የቨርጂኒያ ገዥም እንዲሁ ነው። ብቻቸውን የአስተዳደር ትእዛዝ ይፈርማሉ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ያጫሉ፣ በከባድ ወንጀል ተፈርዶበት የመምረጥ መብቱን ላጣ ሰው መብቱን ይመልሳሉ። ሕግና በጀት ግን የሚወጣው ከጠቅላላ ምክር ቤቱ ጋር ነው። ምክር ቤቱ 100 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤትና 40 መቀመጫ ያለው ሴኔት አለው።

አንድ ረቂቅ ሁለቱንም ምክር ቤቶች አልፎ ገዥዋ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ አራት መንገድ ይጠብቀዋል። መፈረም፣ ቪቶ ማድረግ (ሕጉን ውድቅ አድርጎ መመለስ)፣ “ይህን ይህን አስተካክሉ” ብሎ መላክ፣ ወይም ዝም ማለት። ዝም ከተባለ ረቂቁ ያለ ፊርማ ሕግ ይሆናል። ጊዜው 7 ቀን ነው፤ ጉባኤው ሊዘጋ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ከቀረው ግን ከተዘጋ በኋላ 30 ቀን ይሰጣል። ሦስተኛው መንገድ፣ የማስተካከያ ሐሳብ መላክ፣ ከሁሉም ያነሰ የሚወራለት ነው። ሆኖም በቨርጂኒያ ፖለቲካ ትልቁ ድርድር የሚካሄደው በዚህ በኩል ነው።

ቪቶን መሻር የሚቻለው በሁለቱም ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲገኝ ነው። አባላቱ ሁሉ ከተገኙ ከ100ው 67፣ ከ40ው 27 ማለት ነው። በ2024 እና 2025 ዴሞክራቶች የነበራቸው 51 እና 21 ነበር፤ ሕግ ለማሳለፍ በቂ፣ የገዥውን ቪቶ ለመሻር ግን የማይበቃ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ብዙ ረቂቅ እየጸደቀ በሪፐብሊካኑ ገዥ በግሌን ያንግኪን እጅ የቀረው በዚህ ስሌት ነው። ስለዚህ ስፓንበርገር “አደርጋለሁ” ካሉት አብዛኛው፣ በትክክል ሲነበብ፣ “ቪቶ አላደርግም” ማለት ነበር።

ጊዜው ራሱ አጭር ነው። ቨርጂኒያ ገዥዋ ሁለት ተከታታይ ዘመን እንዲያገለግል የማትፈቅድ ብቸኛ የአሜሪካ ግዛት ናት። በጀት ደግሞ የሚወጣው ለሁለት ሁለት ዓመት ሲሆን፣ የ2026 እስከ 2028ቱን ረቂቅ አዘጋጅተው ያስረከቡት ተሰናባቹ ያንግኪን ናቸው። አዲሷ ገዥ በማሻሻያ ይገቡበታል እንጂ ከባዶ ወረቀት አይጀምሩም። በአራት ዓመት ውስጥ ራሳቸው ከመነሻው አዘጋጅተው አብዛኛውን ዕድሜውን ራሳቸው የሚያስፈጽሙት በጀት አንድ ብቻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ማንኛውም ቃል፣ የመምህራን ደመወዝ ጭማሪም ሆነ የቤት ግንባታ ድጎማ፣ በዚህ ጠባብ በር ነው የሚያልፈው።

የመኪና ታክሱ ለምን አይጠፋም?

ቨርጂኒያ ውስጥ ከዚህ በላይ የሚጠላ ታክስ ማግኘት ይከብዳል። የምርጫ መፈክር ከሆነም ቆይቷል፤ ጂም ጊልሞር በ1997 ገዥ ሆነው የተመረጡት በዋናነት ይህን ታክስ አስቀራለሁ ብለው ነው።

ታክሱን የሚሰበስበው ግዛቲቱ አይደለችም፤ ካውንቲው ወይም ከተማው ነው። ሕገ መንግሥቱ ራሱ እንዲህ ያለውን ንብረት ለአካባቢ መንግሥታት ግብር ብቻ ለይቶ ሰጥቶታል። መኪናዋ በጃንዋሪ 1 ምን ያህል ታወጣለች ተብሎ ይገመታል፤ ከዚያ በየ100 ዶላሩ የተወሰነ ይከፈላል። ለምሳሌ ያህል ታሪፉ 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም ቢሆን፣ 18,000 ዶላር የምታወጣ ቶዮታ 810 ዶላር ትከፍላለች።

የጊልሞር ሕግ በ1998 ወጣ። ግዛቲቱ ከመኪናው ዋጋ በመጀመሪያው 20,000 ዶላር ላይ የሚጣለውን ታክስ ቀስ በቀስ ልትሸፍን ነበር፤ 12.5 በመቶ፣ 27.5፣ 47.5፣ 70፣ በመጨረሻም 100። ሰባ ላይ ሲደርስ ገንዘቡ አለቀና ቆመ። ኋላም የግዛቲቱ ድርሻ በዓመት 950 ሚሊዮን ዶላር ላይ በሕግ ተገደበ። ያ ቁጥር አልተነቃነቀም፤ የመኪናው ብዛትና ዋጋ ግን ጨመረ። ድስቱ ያው፣ ተመጋቢው ብዙ። ለዚህ ነው ታሪፉ ሳይነካ የአንድ ሰው ሂሳብ ከዓመት ዓመት ሊያድግ የሚችለው፤ ወረቀቱ ላይ የግዛቲቱ እርዳታ ተብሎ የሚቀነሰው መቶኛ እያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ለሹፌሮች አንድ ነገር እናስታውስ። እርዳታው ለግል መኪና ብቻ ነው። በዓመት ከነዳችሁት ማይል ከግማሽ በላዩ ለሥራ ከሆነ፣ ኡበርም ይሁን ሊፍት ወይም ዕቃ ማድረስ፣ መኪናው ለእርዳታው አይበቃም። በፌዴራል ታክስ ላይ ማይሉን ለሥራ ብሎ እያስቀነሰ በካውንቲው ቅጽ ላይ “የግል ነው” የሚል ሰው ሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ነገር እየጻፈ ነው። ሲመረመር የተቀነሰለት ይመለስበታል።

የዕጩዎቹ አቋም በዚህ ላይ እንዴት ይነበባል? ኧርል-ሲርስ “ይቅር” አሉ። ስፓንበርገር ታክሱን አልተከላከሉለትም፤ ጥያቄያቸው ካውንቲዎች የሚያጡት ገንዘብ ከየት ይተካል የሚል ነበር። ከዚህ ታክስ የሚገኘው ገቢ ትምህርት ቤትን፣ ፖሊስንና እሳት አደጋን የሚያንቀሳቅሰው የአካባቢ በጀት ክፍል ነው። ታክሱ ቢነሳ ካውንቲው በብዛት የሚዞረው ወደ ቤት ግብር ነው። ቤት ያለው በቀጥታ፣ ተከራዩ በኪራይ ጭማሪ ይከፍለዋል። ያንግኪን በዲሴምበር 2024 ለዘብ ያለ ሐሳብ አምጥተው ነበር፤ ገቢው እስከ 50,000 ዶላር ለሆነ ግለሰብ 150፣ እስከ 100,000 ለሆኑ ባልና ሚስት 300 ዶላር በገቢ ግብር በኩል እንዲመለስ። ምክር ቤቱ አልተቀበለውም። ስለዚህ መኪና ታክስን በተመለከተ ከየትኛውም ወገን ዕጩ መጠየቅ ያለበት “ትጠሉታላችሁ?” ሳይሆን “950 ሚሊዮኑን ስንት ታደርጉታላችሁ?” የሚለው ነው።

15 ዶላር የሰዓት ደመወዝ ቃል ነው ወይስ ፊርማ?

ፊርማ ነው፤ በምክር ቤት በኩል ከሚያልፉት አቋሞች ሁሉ ለገዥ ብዕር የሚቀርበውም ይኸው ነው።

የቨርጂኒያ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እስከ 2021 ጸደይ ድረስ የፌዴራሉ 7 ዶላር ከ25 ነበር። ከዚያ 9.50፣ 11፣ 12 እያለ መጣና በ2025 ወደ 12.41፣ በጃንዋሪ 2026 ወደ 12.77 ደረሰ። የመጨረሻዎቹን ትንንሽ ጭማሪዎች ማንም ገዥ አልፈቀዳቸውም፤ ሕጉ ከኑሮ ውድነቱ ጋር በየዓመቱ እንዲያስተካክል ስለሚያዝ በራሳቸው የመጡ ናቸው። ወደ 15 ዶላር የሚያደርስ ረቂቅ በ2024ም በ2025ም ጸድቆ ያንግኪን ቪቶ አድርገውታል። ስፓንበርገር በዘመቻቸው 15 ዶላሩን ደግፈዋል።

በ12.77 እና በ15 መካከል ያለው ልዩነት በሰዓት 2 ዶላር ከ23 ሳንቲም ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ በዓመት 2,080 ሰዓት ይሆናል፤ ከግብር በፊት 4,638 ዶላር። ድልድዩን ተሻግሮ ያለው የዋሽንግተን ዲሲ ወለል በጁላይ 2025 17.95 ገብቷል፣ ሜሪላንድ ደግሞ 15 ነው። ተቃዋሚዎቹ የሚያነሡት ጭንቅ ሌላ ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ ተራሮች ያለች ትንሽ ሱቅ የአርሊንግተንን ገበያ የላትም፣ አንድ ወለል ለሁለቱ አይሆንም ይላሉ። ክርክሩ እውነተኛ ነው። ለአንባቢ የሚጠቅመው ግን ረቂቅ ሲወጣ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሚደርስበትን ዓመት ማየት ነው፤ “15 ዶላር” የሚል ሕግ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ደረጃ ነው የሚወጣው።

“ራይት ቱ ወርክ” ምንድን ነው?

በዘመቻው ብዙ ከተሰማውና በትንሹ ከተረዳው ቃል አንዱ ነው። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይምታታሉ።

አንደኛ፣ የሥራ ፈቃድ አይደለም። ከኢሚግሬሽን ወረቀት ጋር አንዳች አይገናኝም። ሁለተኛ፣ አሠሪ ያለ ምክንያት ማባረር ይችላል የሚለው ልማድም አይደለም፤ ያ ሌላ ስም ያለው ሌላ ደንብ ነው፣ በአብዛኛው አሜሪካም የሚሠራ። ራይት ቱ ወርክ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሠራተኛ ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) እንዲገባ ወይም ለዩኒየን መዋጮ እንዲከፍል የሥራው ቅድመ ሁኔታ ተደርጎ አይገደድም። ቨርጂኒያ ይህን ሕግ ያወጣችው በ1947 ነው።

እንደገና ወደ እድሩ እንመለስ። በአንድ መሥሪያ ቤት ዩኒየን ካለ፣ የሚደራደረው መዋጮ ለማይከፍለውም ጭምር ነው፤ ሕጉ እንዲያ ያስገድደዋል። ደጋፊዎች “ሰው ያልወደደውን ማኅበር በግድ ለምን ያዋጣል?” ይላሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ “ሳያዋጣ ድንኳኑ ይተከልለታል፤ ነገ ሌላውም መክፈሉን ይተዋል” ይላሉ።

ስፓንበርገር እዚህ ላይ ከፓርቲያቸው የግራ ክንፍ ተለይተዋል። ሕጉን ሙሉ በሙሉ የሚሽር ረቂቅ ቢመጣ አልፈርምም ብለዋል፤ ለተወሰኑ ማስተካከያዎች ግን በሩን አልዘጉም። የኧርል-ሲርስ ዘመቻ “ሕጉን ሊያጠፉት ነው” ሲል፣ ዩኒየኖች በበኩላቸው “አልደፈሩም” ሲሉ ነበር። ሁለቱም ወገን የተቃወመው አቋም ብዙ ጊዜ ጥንቃቄ የበዛበት ዐረፍተ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለውን ስትሰሙ “ሙሉ በሙሉ” የምትለዋን ቃል ያዙ። የሚፈረመውና የማይፈረመው የሚለየው በእሷ ነው። በነገራችን ላይ ሕዝቡ በ2016 ይህን ሕግ ሕገ መንግሥት ውስጥ እናስገባው ወይ ተብሎ ተጠይቆ አይሆንም ብሏል። ስለዚህ በተራ ሕግነቱ፣ በተራ ሕግ የሚለወጥ ሆኖ ቆይቷል።

የመብራት ሂሳብን ማን ነው ከፍ የሚያደርገው?

አቋም ለማውጣት ቀላል፣ ለመፈጸም ግን ከሁሉም የተወሳሰበው ይህ ነው። ስፓንበርገር ያሉት በአጭሩ፦ ዳታ ሴንተሮች (በኮምፒውተር የተሞሉ፣ ብዙ መብራት የሚበሉ ግዙፍ ሕንፃዎች) ድርሻቸውን ይክፈሉ፣ ግዛቲቱ ራሷ ብዙ ኃይል ታመንጭ፣ ቨርጂኒያም ሬጊ ወደሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች የካርቦን ስምምነት ትመለስ።

ዶሚኒየን የተባለውን የመብራት ኩባንያ ሂሳብ ወረቀት አውጥቶ ያየ ሰው አንድ ቁጥር አያገኝም። የመነሻ ታሪፍ አለ፣ የነዳጅ ክፍያ አለ፣ ከዚያ ራይደር የሚባሉ ትንንሽ ተጨማሪዎች ይደረደራሉ። የኩባንያውን ታሪፍ የሚያጸድቀው ገዥዋ አይደሉም፤ ስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን የሚባል ሦስት ዳኞች ያሉት አካል ነው። ዳኞቹን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ፒጄኤም አለ፤ የ13 ግዛቶችንና የዲሲን የኃይል መረብ የሚያስተዳድር፣ ተጠሪነቱም ለፌዴራል ተቆጣጣሪ የሆነ ድርጅት። ፒጄኤም “ለመጪው ዓመት ዝግጁ ሆናችሁ ጠብቁ” ብሎ ለኃይል ማመንጫዎች የሚከፍለውን ዋጋ በጨረታ ይወስናል። ያ ዋጋ ለ2024/25 ለአንድ ሜጋዋት በቀን 28.92 ዶላር ነበር፤ ለ2025/26 ወደ 269.92 ዘለለ። ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። አንዱ ምክንያት የዳታ ሴንተሮች ፍላጎት ነው፤ የዓለም ትልቁ ክምችት ያለውም እዚያው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሽበርን አካባቢ ነው።

ታዲያ ገዥዋ ምን ይይዛሉ? ሦስት ነገር። ከምክር ቤቱ ጋር ሕግ ማውጣት፣ የሬጊን ጉዳይ መወሰን፣ በፒጄኤም ላይ ደግሞ ከሌሎች ገዥዎች ጋር ሆኖ መጮህ።

“ድርሻቸውን ይክፈሉ” የሚለው ነገር ቅርጹ የታየው በኖቬምበር 2025 ነው። ኮሚሽኑ 25 ሜጋዋትና ከዚያ በላይ ለሚወስዱ ደንበኞች የተለየ የታሪፍ መደብ አጸደቀ፤ ከ2027 ጀምሮ የ14 ዓመት ውል ይገባሉ፣ ለማመንጫው የጠየቁትን ኃይል ባይጠቀሙበት እንኳ 60 በመቶውን፣ ለማስተላለፊያና ማከፋፈያው ደግሞ 85 በመቶውን ይከፍላሉ። ነገሩ አዳራሽ ለ500 ሰው ከተከራዩ በኋላ 50 ሰው ቢመጣም ኪራዩን መክፈል ነው። ያለዚያ ለእነሱ ተብሎ የተተከለው መስመር ዕዳ ወደ ቤተሰቦች ሂሳብ ይዞራል። ይህን የወሰነው ኮሚሽኑ እንጂ ዕጩዋ እንዳልሆኑ ልብ ይሏል። ዳታ ሴንተር የት ይሠራ የሚለውም የካውንቲው ቦርድ ሥልጣን ነው፤ ላውደን ካውንቲ ከእነሱ ዳጎስ ያለ ግብር ስለሚያገኝ በቀላሉ እንቢ አይልም።

ሬጊ ደግሞ ሁለት ፊት ያለው ነው። ኃይል ማመንጫዎች ለሚለቁት ለእያንዳንዱ ቶን ካርቦን ፈቃድ ይገዛሉ። ቨርጂኒያ በ2021 ገባች፤ ያንግኪን በ2023 መጨረሻ አስወጧት፤ በኖቬምበር 2024 አንድ የግዛቲቱ ዳኛ አወጣጡ ከሕግ ውጭ ነው ብለው ፈረዱ። ዶሚኒየን ወጪውን በራይደር ደንበኛው ላይ ጥሎት ስለነበር፣ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት በወር እስከ 4.44 ዶላር ደርሶ ነበር። ከተሰበሰበው ግማሹ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ቤት ብርድና ሙቀት እንዳያስገባ ለማደስ፣ 45 በመቶው ለጎርፍ መከላከያ ይውል ነበር። ስለዚህ “ሬጊ ሂሳብ ይጨምራል” የሚለውም “ሬጊ ለድሃው ይጠቅማል” የሚለውም ሐሰት አይደሉም። የመብራት ዋጋን አረክሳለሁ የሚል ዕጩ ወደ ሬጊም እመለሳለሁ ካለ ሁለቱን እንዴት እንደሚያስታርቅ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ትእዛዝ 47 ተነሥቷል ሲባል አይስ (የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪ) ቀረ ማለት ነው?

አይደለም። ስህተቱ ግን ሰው ላይ ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል ግልጽ ይሁን።

በ1996 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ውስጥ 287(ጂ) የሚባል አንቀጽ አለ። የፌዴራሉ መንግሥት ከአካባቢ ፖሊስ ጋር ውል ገብቶ አንዳንድ የኢሚግሬሽን ሥራ እንዲሠሩ ያደርጋል። ያንግኪን በፌብሩዋሪ 2025 ባወጡት የአስተዳደር ትእዛዝ 47 የግዛቲቱ ፖሊስና የማረሚያ ቤቶች መምሪያ ወደዚህ ውል እንዲገቡ አዘዙ። ስፓንበርገር አነሣዋለሁ አሉ፤ በመጀመሪያው የሥራ ቀናቸው ከፈረሟቸው ትእዛዞች አንዱ ይኸው መሻሪያ ነበር። አንድ ገዥ በብዕር የጻፈውን ቀጣዩ በብዕር ይሰርዘዋል፤ ለመፈጸም ከሁሉም የቀለለው ቃል፣ ለመቀልበስም የቀለለው ይህ ዓይነቱ ነው።

መሻሪያው የማይነካው ግን ብዙ ነው። በየካውንቲው ያለው ሸሪፍ በሕዝብ የሚመረጥ በመሆኑ በራሱ ውል ከመግባት ይህ መሻሪያ አያግደውም። አይስ ራሱ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ስለሆነ የገዥ ፈቃድ አይጠይቅም። የጥገኝነት ማመልከቻ፣ ግሪን ካርድ፣ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ)፣ ሁሉም የሚያዙት በፌዴራል ነው። የግዛት ዕጩ “ከመባረር አድናችኋለሁ” ቢል፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ፅንስ ማቋረጥና ሕገ መንግሥቱ

እዚህ አጭር መሆን ይቻላል። የመውለድ ነፃነትን ሕገ መንግሥት ውስጥ የሚያስገባውን ማሻሻያ ስፓንበርገር ደገፉ፣ ኧርል-ሲርስ ተቃወሙ። ሁለቱም ግን በዚህ ላይ ብዕር የላቸውም። ማሻሻያ በምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ በሁለቱ መካከል የተወካዮች ምርጫ መደረግ አለበት፤ ከዚያ ሕዝቡ በድምፁ ይወስናል። የገዥ ፊርማም ሆነ ቪቶ የሚባል ነገር የለም። የገዥነት ምርጫው ክርክር ስለ እሱ ጦፎ ሳለ፣ ዕጣውን የሚወስኑት እዚያው ወረቀት ላይ ዝቅ ብለው የሰፈሩት፣ ብዙ ሰው ስማቸውን ሳያውቅ የሚያልፋቸው የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳዳሪዎች ነበሩ።

በሕክምና ወጪ ላይም ድንበሩ ተመሳሳይ ነው። በፋርማሲና በኢንሹራንስ መካከል ሆነው የመድኃኒት ዋጋ የሚደራደሩ አማላጅ ኩባንያዎችን ግዛቲቱ መቆጣጠር ትችላለች። ሜዲኬድን (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ሽፋን) ግን ፌዴራሉ ይበልጡን ይከፍላል፣ ደንቡንም ይጽፋል። በጁላይ 2025 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ በስደተኛነት (ሪፊውጂ) የገቡና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች፣ ግሪን ካርድ እስኪይዙ፣ ለአብዛኛው የሜዲኬድ ሽፋን ብቁ እንዳይሆኑ አድርጓል። ጥገኝነቱ ጸድቆለት የግሪን ካርድ ማመልከቻውን “ነገ፣ ከነገ ወዲያ” እያለ ያቆየ ሰው ሪችመንድን (የግዛቲቱን መንግሥት መቀመጫ) ከመጠበቅ ቅጹን ቢሞላ ይሻለዋል።

ስለ ኢትዮጵያስ አቋማቸው ምንድን ነው?

ገዥ የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ የለውም። ይህ በ2021 ምርጫ በግልጽ ታይቷል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በባይደን አስተዳደር የተቆጡ የኢትዮጵያ-አሜሪካውያን ስብስቦች ለያንግኪን ቀሰቀሱ፤ መልእክቱ ለዋይት ሐውስ ነበር። ያንግኪን ኖቬምበር 2 ቀን አሸነፉ። በዚያው ዕለት ዋይት ሐውስ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል እንደሚያስወጣ አስታወቀ፤ በጃንዋሪ 1 ቀን 2022ም አስወጣ። ቅስቀሳው ሰሚ አግኝቶ ይሆናል፤ የአጎዋው ብዕር ግን ሪችመንድ አልነበረም። ድምፅ እንደ መልእክት መላክ የመራጩ መብት ነው። ከዚያ ድምፅ ጋር አብረው የሚመጡት ግን የሰዓት ክፍያው፣ የሬጊው፣ የትእዛዝ 47ቱ ውሳኔ ናቸው።

አቋምን ራስ ለማጣራት

የዕጩው ድረ ገጽ መነሻ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ስፓንበርገር ከ2019 እስከ 2025 መጀመሪያ በዋሽንግተን ኮንግረስ አባል ስለነበሩ የሰጡት ድምፅ በስም በስሙ ተመዝግቧል። ኧርል-ሲርስም ምክትል ገዥ ነበሩ፤ ሴኔቱ እኩል ሲከፈል የሰጡት ወሳኝ ድምፅ ይገኛል። ገንዘብ ከየት መጣ የሚለውን ቨርጂኒያ ፐብሊክ አክሰስ ፕሮጀክት የሚባለው ገጽ በነፃ ያሳያል። በቨርጂኒያ ለዕጩ የሚሰጥ መዋጮ ጣሪያ ስለሌለው ይህን ማየት ከሌላው ግዛት ይበልጥ ይጠቅማል።

የሕጎቹ ታሪክ ያለው የምክር ቤቱ የሕግ መረጃ ገጽ ላይ ነው። የረቂቁን ቁጥርና ዓመት ያስገባሉ፤ ኤች ቢ ከተወካዮች፣ ኤስ ቢ ከሴኔት የመጣ ነው። የ2024ን ኤች ቢ 1 ብትከፍቱ የደመወዙን ወለል ታገኛላችሁ። ከላይ ወደ ታች ስታነቡ፦ በኮሚቴ አለፈ፣ በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ፣ በሴኔት አለፈ፣ ለገዥው ተላከ፣ ገዥው ቪቶ አደረጉት፣ ተወካዮቹ ቪቶውን መሻር አልቻሉም። ስለ 15 ዶላር የተነገረ የዘመቻ ንግግር ሁሉ የተሟገተው ከመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ጋር ነው።